ምስማር ያልገባበት ሥራ

የጥሩ እስር ምልክቱ ዙሮቹ እርስ በርስ አለመደራረባቸው ነው። ሁለት እንጨቶች ተሻግረው በተገናኙበት ቦታ ገመዱ ጎን ለጎን ከተኛ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ካልወጣ፣ በመካከላቸውም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካልታየ፣ ያሰረው እጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልላላም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እስር ለመመርመር እንጨቱን ይዞ መነቅነቅ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ወጣት ስካውቶች ቅዳሜና እሁድን ጫካ ዳር ሰፍረው የሚያሳልፉበትን ካምፕ ስጎበኝ ቀድሜ የማየው ይህንኑ ነው። የማታው እሳትና ዘፈኑ ደስ ይላል፤ የእግር ጉዞውና የውኃ ዳር ጨዋታውም እንዲሁ። የቡድኑ ትጋት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን የሰሃን መደርደሪያው እግር ከአግዳሚው ጋር በተጋጠመበት ቦታ ነው።

ስካውቶች መጀመሪያ ከሚማሯቸው እስሮች ዋናው ቋሚና አግዳሚ እንጨትን የሚያጋጥመው ነው። ገመዱ ከአግዳሚው በታች በቋሚው ላይ በሁለት ተሻጋሪ ቀለበት ይጀመራል። ከዚያም አግዳሚውን ከፊት፣ ቋሚውን ከኋላ እያቀፈ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይዞራል። እስከዚህ ያለውን ማንም ይሠራዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ ገመዱ አቅጣጫውን ቀይሮ በሁለቱ እንጨቶች መካከል ይገባና የቀደሙትን ዙሮች ራሳቸውን አንቆ ይይዛቸዋል። ሁለት ማነቂያ ዙር ይበቃል። መጨረሻው በአግዳሚው ላይ ይቋጠራል። ጀማሪው ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ሁሉ ለመጨረሻው ቋጠሮ ያስቀምጣል፤ ቋጠሮው ድንጋይ ይሆናል፣ ውስጡ ግን ልል ነው። የለመደው ልጅ እያንዳንዱን ዙር በየተራው ይስባል፤ ሲጨርስ የሚቀረው ቋጠሮ ቀላል ነው፣ በሁለት ጣት ይታሰራል። ይህን ዓይነቱን ትዕግሥት በ13 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ሳይ በጣም እደሰታለሁ።

ይህን ጥበብ ለመማር ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አካባቢ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ያለው ይህ አገር ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የሚደርሱበት ነው። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ቴፒ ዝቅ ይልና 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ማሻ ሲወጡ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፣ ከፍታው ሲጨምርም ቀርከሃው ይመጣል። ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧቸዋል። የዓመቱ ዝናብ በብዙ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ለረጅም ወራትም ይዘንባል። መምህሩም ዝናቡ ነው። ደረቅ አገር ላይ ልል እስር ሳምንት ሊቆም ይችላል። እዚህ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

የድንኳኑን ገመድ ብቻ እንመልከት። ቃጫም ሆነ ሲባጎ፣ ከተክል የተሠራ ገመድ ውኃ ሲጠጣ ጭረቶቹ ያብጣሉ፤ ሲያብጡ ግምዱ ይጠብቃል፣ ገመዱም ያጥራል። ማታ በደረቅ አየር ጥርቅም አድርጎ የወጠረ ቡድን ሌሊት ዝናብ ከመጣ ችካሎቹ ተነቅለው ወይም ሸራው ተተርትሮ ያድራል። ስለዚህ የሚያውቅ ቡድን ከመተኛቱ በፊት እየዞረ ገመዶቹን በጥቂቱ ያላላል። ናይሎን ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሸራውም ይረግብና ሆዱ ላይ ውኃ ያቁራል። እርጥብ ልጥና እርጥብ ሐረግ ሦስተኛ ጠባይ አላቸው፦ እንደረጠቡ ይታሰራሉ፣ ሲደርቁ ይጨመታተሩና የያዙትን ይበልጥ ይጨብጣሉ። አንድ ልጅ እነዚህን ሦስት ጠባዮች ለይቶ ካወቀ፣ የትኛውን ለየትኛው ሥራ እንደሚጠቀም መወሰን ይችላል። ለድንኳን የሚላላ ገመድ፣ ለመደርደሪያ የማይላላ ሐረግ። የካምፕ ሥራ ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ያለው ምርጫ አስቀድሞ ሲደረግ ነው፤ ያኔ ጉልበት ብዙም አያስፈልግም።

ገመዱን ራሱን መሥራትም አለ፤ እዚህ አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በካፋ፣ በሸካና በቤንች ደጃፎች እንሰት አለ። ሴቶች ቆጮ ለማውጣት የእንሰቱን ግንድ ቅርፊት በዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው ሲፍቁት፣ ለምግብ የሚሆነው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። ነጭ፣ ረጅም፣ ለስለስ ያለ ጭረት ነው። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን እየወሰዱ ጭን ላይ በመዳፍ ያሹታል። እያንዳንዱ ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራል፤ ከዚያ ሁለቱ ክሮች ተደርበው ወደ ተቃራኒው ይገመዳሉ። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ክር ለመፈታት በታገለ ቁጥር ባልንጀራውን ያጠብቀዋል፤ ገመዱ ሙጫም ስፌትም ሳይገባበት ራሱን በራሱ ይይዛል። ጥሩ ገማጅ አዲስ ጭረት የምትቀጥልባቸው ቦታዎች በሁለቱ ክሮች ላይ ፊት ለፊት እንዳይገጣጠሙ ትጠነቀቃለች፤ አንዱ እዚህ ከተቀጠለ ሌላው ከስንዝር በኋላ ነው የሚቀጠለው። ከተገጣጠሙ ገመዱ እዚያ ላይ ወፍሮ ይታያል፤ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። የተጠናቀቀውን ገመድ ዓይን ጨፍኖ በጣቶች መካከል ማሳለፍ ጥሩ ፈተና ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ ካልተለየ የጥሩ እጅ ሥራ ነው።

ስለ መጠለያው ብዙ አልልም፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነውና። የኮባ ቅጠል ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይነጠፋል፣ የላይኛው የታችኛውን እየደረበ። ከላይ የጀመረ ሰው ዝናቡን ወደ ቤቱ እየጋበዘ ነው። ጣሪያው ቀጥ ቢል ውኃው ቶሎ ይወርዳል፣ ዙሪያው ትንሽ ቦይ ቢቆፈር መኝታው ደረቅ ያድራል። እሳቱም እንዲሁ ነው፤ በእርጥብ ጫካ መሬት ላይ የወደቀ እንጨት ስፖንጅ ነው፣ ቆሞ የደረቀው ተፈልጎ ይሰነጠቅና ከመሐሉ ደረቁ ይወጣል። እሳት አንዳጁ ጭራሮውን ገና ክብሪት ሳይጭር በውፍረት ለይቶ ከደረደረ እራት በሰዓቱ ይደርሳል።

እዚህ ደን ውስጥ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የሚታየው ቀና ብለው ነው። ከቴፒ ወደ ማሻ ሲወጡ፣ ወይም ከሚዛን ወደ ሸኮ ሲያልፉ፣ በትላልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፎች ላይ ጋደም ያሉ ድብልብል ቀፎዎች ይታያሉ። አንዳንዱ ሰው ሊደርስበት የሚችል በማይመስል ከፍታ ላይ ነው። ብዙ መንገደኛ የደረቀ ጉቶ መስሎት ያልፋቸዋል። እኔ የዚህን አካባቢ የእጅ ጥበብ ለማያውቅ እንግዳ አንድ ነገር ብቻ እንዳሳይ ብጠየቅ የማሳየው ቀፎውን ነው።

ቀፎው የሚሠራው ከግንድ ነው። ዋንዛ ይመረጣል፣ ለመጥረብ የሚታዘዝ፣ ቀላል፣ የሚበረክትም ስለሆነ። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ጉማጅ በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል፤ የእንጨቱ ጭረት የት እንደሚሄድ ያላነበበ ሰው ምሳሩን ሲመታ ስንጥቁ ወደ ጎን ይሸሽና አንዱ ግማሽ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ይቦረቦራል። የምሳሩ ምልክቶች ውስጡ ላይ ይቀራሉ፤ ጥሩ ሠራተኛ የጠረበው ላይ ምልክቶቹ አጫጭር፣ ተቀራራቢና ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው። ውጭውን አይቶ የግድግዳውን ውፍረት ማወቅ አይቻልም፤ እሱን የሚያውቀው የጠራቢው እጅ ነው።

ውፍረቱ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት ንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ንቦች እጫቸውን የሚያሳድጉት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለ ሙቀት ነው፤ ሲበርድ ተጠጋግተው ያሞቃሉ፣ ሲሞቅ በክንፋቸው ያራግባሉ። ግድግዳው ሲሳሳ ያ ሁሉ ድካም ማር ከመሥራት የተሰረቀ ነው። ሲወፍር ደግሞ ቀፎው ይከብዳል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ዛፍ ላይ ያለ ሰው ነው። ጠራቢው እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ምሳር ያስታርቃል። ማስመሪያ የለውም፣ የተጻፈ ልክም የለውም።

ሁለቱ ግማሾች ሲጠናቀቁ እንደ ሙዳይና ክዳኑ ይገጥማሉ። መግጠማቸውን ለማየት ቀፎውን ወደ ብርሃን ማንሳትና በስንጥቁ መስመር ማየት ነው፤ የብርሃን ክር ካለፈ ገና ነው። ትንሽዋን ቀዳዳ ንቦቹ ራሳቸው ከዛፍ በሚሰበስቡት ሙጫ ይደፍኗታል። በሰፊው ቀዳዳ ግን ወይ ጉንዳን ይገባል ወይ መንጋው ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ በሐረግ ይታሰራል፣ በየተወሰነ ርቀት። የስካውቱ መደርደሪያ ላይ ያየነው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ዙሮቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። ልዩነቱ ይህኛው እስር ለሁለት ቀን ሳይሆን ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ የታሰበ መሆኑ ነው። በላዩ ላይ ቅጠል ወይም ቅርፊት ይለብሳል፤ ጫፎቹ ይዘጋሉ፣ ለንቦቹ ትንሽ መግቢያ ይተዋል። ውስጡ መዓዛ ባላቸው ቅጠሎች ይታጠናል፤ ንብን የሚጠራው ይህ ሽታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀፎውን ዛፍ ላይ መስቀል ነው። ዛፍ ወጪው ሰው ሐረግ ወይም ገመድ በግንዱና በወገቡ ዙሪያ አድርጎ፣ ገመዱን ወደ ላይ እየወረወረ፣ እግሩን በግንዱ ላይ እየተከለ ይወጣል። ሰውነቱን ወደ ኋላ ጣል ያደርጋል፤ ለማያውቅ ሰው የሚያስፈራው ይህ ነው፣ ገመዱ ግንዱን አጥብቆ የሚይዘው ግን በዚህ ክብደት ነው። ወደ ግንዱ የተለጠፈ ሰው ይንሸራተታል። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ገመድ ወደ ታች ይለቅቃል፣ ከታች ያሉት ቀፎውን ያስሩበታል፣ እሱ ይስባል። ባላ ላይ አጋድሞ ያስረዋል፤ ይህ የመጨረሻው እስር የሚታሰረው በአንድ እጅ ነው፣ ሌላው እጅ ዛፉን ይዟልና። መሬት ላይ በሁለት እጅና በጓደኛ እርዳታ አንድ እስር ለማሰር ሩብ ሰዓት የፈጀበት ልጅ ይህን ቀና ብሎ ሲያይ ምን እያየ እንደሆነ ይገባዋል። ለዚህ ነው ወጣቶቹ መጀመሪያ መደርደሪያቸውን ይሥሩ፣ ከዚያ ቀፎውን ይዩ የምለው።

ቡናው በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ለጥቂት ቀናት ነጭ ያብባል፣ ንቦቹም ይሰማራሉ። ትልቁ ማር ግን ጌተም የሚባለው ዛፍ ማር ነው፤ አበባው ካለፈ በኋላ፣ በግንቦትና በሰኔ ገደማ የሚቆረጠው፣ ሲረጋ ነጭ የሚሆነው። ማር ቆራጩ በጨለማ ይወጣል። የያዘው ችቦ የሚነድ ሳይሆን የሚጤስ መሆን አለበት፤ እሳት ሰፈፉን ያቀልጣል፣ ንቡንም ይፈጃል። በሸካ ደን ውስጥ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ክፍል ቀፎ እንደሚሰቅል የሚወስን «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ በቀላሉ አይቆረጥም። ደኑ እስካሁን ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚሁ አካባቢ ደን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተለቀመው የጌሻ ቡና ዘር በኬንያ፣ በታንዛንያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደርሶ፣ በ2004 በዚያ አገር ውድድር አሸንፎ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። ይገባዋል። በዚያው ደን ያለው የእጅ ሥራ ግን ሸላሚ አላገኘም፤ ከሥሩ የሚያልፍ የትምህርት ቤት ልጅ እንኳ ስሙን ጠይቆ አያውቅም። ይህ ያንገበግበኛል።

የስካውት ትምህርት ከአፍሪካ ጫካ የራቀ ነገር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የስካውት መሥራቹ ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በተባለች የእንግሊዝ ደሴት 20 ያህል ልጆችን ይዞ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግ፣ ልጆቹን ጠዋት ይቀሰቅስ የነበረው ከደቡባዊ አፍሪካ ባመጣው የአጋዘን ቀንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 እዚያው ደቡባዊ አፍሪካ ውስጥ፣ በማታቤሌላንድ ሳለ ጃን ግሩትቡም ከተባለ አፍሪካዊ ጋር ጫካ ለጫካ ዱካ እየተከተለ ብዙ ተምሯል፤ ችሎታውንም ከፍ አድርጎ ጽፎለታል። ወደዚያ የሄደው በጦርነት ነው፤ ይህን ማድበስበስ አያስፈልግም። በአገራችንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተማሪ ስካውቶች ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር እንደገና ቆመ። የሚዛን ወይም የቴፒ ልጅ ስካውት ሲሆን ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም የሚቀበለው። ከአያቱ ደጅ የወጣ ዕውቀት በሌላ መንገድ ዞሮ መጥቶለታል።

በአንድ ካምፕ፣ ከሚዛን ብዙም ሳይርቅ በቡና ጥላ ሥር፣ አንድ የማር አባት፣ ቀፎ ሰቃይ አዛውንት፣ የልጆቹን ሥራ ሊያዩ መጥተው አይቻለሁ። ልጆቹ ከመንገድ ዳር ባገኙት ሐረግ የዕቃ ማስቀመጫ ሠርተዋል። አዛውንቱ እንጨቱን አልነቀነቁም። ጎንበስ ብለው እስሩን አዩ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን በሐረጉ ላይ አሳለፉ።

«አባባ፣ ጠብቋል?» አለ ያሰረው ልጅ።

«አሳሰርህስ ደህና ነው፣ ልጄ። ሐረጉ ግን ደርቆብሃል። ደረቅ ሐረግ ሲታጠፍ ውስጡ ይሰበራል፤ ከላይ አይታይህም።» እጥፋቱ ላይ በጥፍራቸው ነካ አደረጉትና ነጭ ስንጥቅ ብቅ አለ። «እርጥቡን አምጣ። እኔ እይዝልሃለሁ፣ አንተ ሳብ።»

ልጁ ሮጦ ሄደ። እርጥቡን ሐረግ ሲያመጣ አዛውንቱ መጀመሪያ ቅጠሉን አረገፉ፣ ከዚያ ወፍራሙን ጫፍ ለጀማሪው ቀለበት፣ ቀጭኑን ለማነቂያው አደረጉት፤ ማነቂያው በጠባብ መካከል ማለፍ አለበትና። የትኛውም መጽሐፍ ላይ ያላየሁት ነገር ነው። ሌሎቹ ልጆች ሳይጠሩ ከበቧቸው። ከሰዓት በኋላ ሊደረግ የታሰበው የሩጫ ውድድር ተረሳ፤ መሪያቸው አላስታወሳቸውም፣ ደግም አደረገ።

እዚህ አካባቢ ካምፕ ለሚያዘጋጁ መሪዎች የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከእግር ጉዞው፣ ከገመድ ጉተታውና ከመጀመሪያ ርዳታው ጎን ቀፎ መሥራትን አስገቡ። የሚያስፈልገው የወደቀ የዋንዛ ጉማጅ፣ በአዋቂ እጅ የሚያዝ ምሳር፣ እርጥብ ሐረግና አንድ የማር አባት ነው፤ ለማር አባቱ የቀን ዋጋቸው ይከፈላቸው፣ መምህር ናቸውና። ልጆቹ ዛፍ ላይ አይውጡ፤ መውጣት የዓመታት ልምድ ይፈልጋል፣ እሱን ለባለሙያው ይተዉ። ምሳር መያዝ ለማይችሉት ታናናሾች ቃጫ መግመድ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጉማጁ ይሰንጠቅ፤ አዛውንቱ ጭረቱን እንዴት እንደሚያነቡት ልጆቹ ተሰብስበው ይዩ። ከሰዓት በኋላና እሁድ ጠዋት በተራ ይቦርብሩ። በሁለት ቀን ውስጥ አንዱ ግማሽ ካለቀ በቂ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ከዝናብ በተከለለ ቦታ አስቀምጠው ለሚቀጥለው ጉዞ ያቆዩት።